የታጠበው ሰማይ

ሄኒንግ ያጠፋው ጥፋት ባጭሩ ይህ ነው፦ የሮስቪታን ሰማይ ሳያስፈቅዳት አጠበው።

ሰማይ ደግሞ እንዴት ይታጠባል? ከሙኒክ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ የምርምር ተቋም ሰማይ ማጠብ የዘወትር ሥራ ነው። ሳተላይታቸው ሰማዩን የምታየው በራጅ ነው፤ ሐኪም ቤት የተሰበረ አጥንት በሚታይበት በዚያው ጨረር። እንዲህ ሲታይ ሰማዩ ጨለማ የለውም። ኮከብ በሌለበት፣ ምንም በሌለበት አቅጣጫ እንኳ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ተነጥፎበታል። ይህ ብርሃን ከየት ይመጣል የሚለው ጭቅጭቅ ከሮስቪታ ዕድሜ ይበልጣል። ከፊሉ እጅግ ሩቅ ካሉ ጥቁር ጉድጓዶች ዙሪያ ነው፤ በዚህኛው ብዙም ጠብ የለም። ጠቡ በቀሪው፣ ለስለስ ባለው ብርሃን ላይ ነው። የሄኒንግ አባት ፕሮፌሰር ዳልቪግ፣ ፀሐያችንና ጎረቤቶቿ የተቀመጡት እጅግ በጋለ ጋዝ በተሞላ አረፋ ውስጥ ነው፣ ብርሃኑም የአረፋው ነው ብለው በወጣትነታቸው ጻፉ። ተቋሙም አረፋው ላይ ተደላድሎ ኖረ።

የሚያስቸግር አንድ ነገር ብቻ ነበር። ብርሃኑ አልፎ አልፎ ከፍ ይላል። አንድ ሁለት ቀን ከፍ ብሎ ይሰነብትና መልሶ ይወርዳል። የተቋሙ ሰዎች "እንግዳው" ይሉታል፤ ሳይጠሩት መጥቶ ሳይሰናበት ስለሚሄድ። የከዋክብት ሰፈር በሁለት ቀን ሊግልም ሊበርድም አይችልምና፣ እንግዳው የመሣሪያው ጣጣ ነው ተባለ፤ ከመረጃው ላይ እየተቀነሰ ይጣል ጀመር። ማጠብ የሚሉት ይህንን ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የቡና ማሽኑን፣ ቀጥሎ አጠባውን ይማራል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሮስቪታ አይግነር ጠየቀች። አምና በፀደይ አንዲት ትልቅ ጅራታም ኮከብ በቅርብ ስታልፍ ሳተላይቷን አዙረው ቢያዩአት በራጅ ታበራለች። በረዶና አቧራ ብቻ የሆነች ነገር! ሁሉም ጉድ አለ። ቆየት ብሎ ከባሕር ማዶ ማብራሪያ መጣ፦ ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው የቅንጣቶች ነፋስ ከጅራታሟ ኮከብ ቀዝቃዛ ጋዝ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቀው ኤሌክትሮን አዲሱ ቤቱ ገብቶ ሲረጋጋ የራጅ ብርሃን ይተፋል። ሮስቪታ ይህን ስትሰማ ያሰበችው ስለ ኮከቧ አልነበረም። "ምድርም እኮ አየር አላት" ነው ያለችው። የፀሐይ ነፋስ ሲበረታ የምድር የላይኛው ስስ አየር ቢያበራስ? እንግዳው ከመሣሪያው ሳይሆን ከራሳችን ደጃፍ የሚመጣ ቢሆንስ?

ስለዚህ የራሷን መረጃ ሳታጥብ አስቀመጠችው። የእንግዳውን ምዕራፍ እንደ ጣፋጭ ነገር ለመጨረሻ አቆየችው። ሐሳቧን ያኔ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሄኒንግ። ዓመታት የወደደችው፣ በጥቅምት ሥራ ወዳገኘበት እንግሊዝ አገር አብራው ልትሄድ ጓዟን ማሰር የጀመረችለት ሰው ነው።

የመመረቂያ ጥናቷን የምታስረክበው ማክሰኞ ነው። ዓርብ ጠዋት የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፈተች። ቢሮ የምትጋራት ሃንጋሪያዊቷ ኢልዲኮ የፀሐይን ነፋስ ከምትለካ ሌላ ሳተላይት የተገኘውን መረጃ ለምናም ተለማምጣም አምጥታላት ነበር። አሁን ሁለቱን መስመሮች አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ብቻ ነው የቀረው። ነፋሱ በበረታበት ቀን እንግዳው ከመጣ፣ አለቀ።

ኢልዲኮ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። "እመቤቴ፣ ሰማይሽ ሞቷል።"

"ምን ትቀባጥሪያለሽ?"

"እይዋ! ቀጥ ያለ መስመር። ልቡ ቆሟል።"

የነፋሱ መስመር እንደ ተራራ ሰንሰለት ይወጣል፣ ይወርዳል። የሮስቪታ ሰማይ ግን እንደ ተተኮሰ የጠረጴዛ ልብስ ለጥ ብሏል። እንግዳ የሚባል የለም።

"ማን አጠበብሽ?" አለች ኢልዲኮ፣ ሳቋን ትታ።

ፋይሉ ውስጥ መግባት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ራሷ ሮስቪታ ነች። ሁለተኛውን ደግሞ ልቧ ከአእምሮዋ ቀድሞ አውቆት ነበር።

*

ምሳ ቤት አገኘችው። ዓርብ ስለሆነ ዓሣ ነበር። ሄኒንግ አጥንቱን እንደ ሁልጊዜው በጥንቃቄ እየለየ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ደርድሮታል።

"ፋይሌን ነክተሃል?"

"የቱን?"

"ሄኒንግ።"

ሹካውን አስቀመጠ። እሱ ሹካ ካስቀመጠ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው።

"አምና፣ አባትሽ ከመሰላል የወደቁ ጊዜ… አንቺ እዚያ እርሻችሁ ላይ የቢራ ጌሾ ትለቅሚ ነበር። በስልክ ስሰማሽ ድምፅሽ ሞቷል። ላግዝሽ ብዬ ነው። ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ፣ ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አጠብኩልሽ።"

"ጠይቄሃለሁ?"

"ላስደስትሽ ፈልጌ ነዋ። ሁላችንም እናጥባለን እኮ ሮሲ።"

"ያልታጠበውስ የት አለ?"

"ዲስኩ ሞልቶ ነበር…"

"ደመሰስከው።"

"በላዩ ላይ ጻፍኩበት። ደመሰስኩት አይባልም።"

ሮስቪታ ዓይኗን ጨፈነች። ከአጠገባቸው ያሉት ሰዎች ስለ እግር ኳስ ያወራሉ። ዓይኗን ስትገልጥ እሱ በእነዚያ ግራጫ ዓይኖቹ፣ ውሃ ውስጥ እንደገባ ድመት፣ ያያታል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ከታጠበው የወጣውን የሰማይ ካርታ አይተሽ 'እንዴት ያምራል!' አልሽ። ከአልጋሽ በላይ ሰቀልሽው። በየት በኩል ልጀምር?"

ይህ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ይብስ አበገናት። ዓመት ሙሉ ያንን ለስላሳ ካርታ እያየች ተኝታለች፤ እንዲህ ለምን ለሰለሰ ብላ አልጠየቀችም። ከየትኛው እንደምትጀምር ግራ ገባት፤ በሱ ከመናደድ ወይስ በራሷ።

"የአባትህን አረፋ ለማዳን ነው አይደል? የኔ ሐሳብ ልክ ከሆነ አረፋው ይተነፍሳል። የቤተሰብ ንብረት ነው፤ ይገባኛል!"

ሄኒንግ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። እሷም ዝምታውን እንደ አዎን ቆጠረችው።

"እሺ፣ ስማኝ" አለች። "ጥሬው መረጃ ምድር ቤት ቴፕ ላይ አለ። እንደገና አንብቤ እስክጨርስ ፀደይ ይሆናል። ማክሰኞ የማስረክበው ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጋ ገብቼ ይህንኑ እላለሁ፤ ቅጥሬም እንዲራዘም እለምናለሁ። ማን ነካው ይሉኛል። ዳይሬክተሩ ደግሞ አባትህን ሳያማክሩ እርሳስ አያስቀርጹም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። እሁድ እናንተ ቤት ለቡና ተጠርቻለሁ። አባትህ ፊት 'ያጠብኩት እኔ ነኝ' በል። ሌላ ምንም አትጨምር። ከዚያ ሰኞ አብረን እንገባለን፤ ፀደይንም አብረን እንጠብቀዋለን።"

"እንግሊዝስ?"

"እንግሊዝ ደሴት ናት፤ የትም አትሄድም።"

ፈገግ አለ። በጠረጴዛው ስር እጇን ያዘ። "እሁድ እነግረዋለሁ። ቃሌ ነው።"

እጁ ይሞቃል። ሮስቪታ መናደዷን መጨረስ ፈልጋ ነበር፤ ሰውነቷ ግን አልታዘዛትም፤ ጣቶቿ ሳትጠይቃቸው በጣቶቹ መሐል ገቡ።

*

ቅዳሜን እናትና አባቷ ዘንድ ዋለች። የጌሾው ለቀማ እያለቀ ነው። የጌሾው ሐረግ የሚጠመጠምባቸው ረጃጅም ምሰሶዎች ራቁታቸውን ቆመዋል፤ ማድረቂያ ቤቱ መራራ መራራ ይሸታል። እናቷ ዘንታ ሐረጉን ወደ መልቀሚያ ማሽኑ እየወረወረች ታወራለች፤ ማሽኑ ቢጮህም ዘንታ ትበልጠዋለች።

"ማክሰኞ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ? አሳማው ታርዷል። ለመንደሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ቄሱም ይመጣሉ።"

"ማክሰኞ የለም እማ።"

"ምን ማለት ነው የለም? ማክሰኞ በየሳምንቱ አለ!"

"የማስረክበው የለም። ጥናቱ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል።"

"ማን አበላሸው?"

"ሄኒንግ።"

ዘንታ ማሽኑን አጠፋችው። ዘንታ በለቀማ ወቅት ማሽን የምታጠፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። "ያ ዝምተኛ ልጅ? ክፉ አይመስለኝም ነበር።"

"ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።"

"እኔ ይሄ የናንተ ራጅ መጀመሪያም አልገባኝም። ሰማዩ ምን ታሞ ነው?"

"እማ!"

"እሺ፣ እሺ። ይቅርታ ጠይቆሻል?"

"ጠይቋል።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

"በሰው ፊት ማመን ቀረ።"

ዘንታ በሙጫ የጠቆረ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። "አባትሽ በሰው ፊት አንድም ቀን ጥፋቱን አምኖ አያውቅም። ይኸው አብረን አረጀን።"

"እኔ እንደዚያ ማርጀት አልፈልግም።"

ከአፏ ሳይወጣ ልትመልሰው ሞከረች፤ አልደረሰችበትም። እናቷ ማሽኑን አስነሥታ ሐረጉን መወርወር ጀመረች፤ ከቅድሙ ትንሽ በርታ አድርጋ።

ሮስቪታም አጠገቧ ቆማ ትለቅም ጀመር፤ እጅ ሲሠራ ሐሳብ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። የሷ ወደ መጀመሪያው ዓመት ሄደ። ሴሚናር ላይ ቆማ ስትናገር አንዱ የገጠር አነጋገሯን ቀዳባት፤ ክፍሉ ሊስቅ ሲያኮበኩብ ከኋላ መስመር አንድ ረጅም ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄው ከንቱ ነበር። መልሱን ራሱ እንደሚያውቀው ያስታውቃል። ግን ሳቁ ሳይወለድ ሞተ። ዞር ስትል ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። በዚያች ደቂቃ ነው የወደደችው። ጭቅጭቅ ሲመጣ የሚያለዝብ፣ ሰው ሊቆሳስል ሲል መሐል የሚገባ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው እሁድ ለራሱ ጥፋት አፉ ይከፈት ይሆን? ይከፈታል፣ አለች። ይከፈታል እንጂ። ደጋግማ ያለችው እርግጠኛ ስላልሆነች መሆኑን ግን ታውቅ ነበር።

*

የዳልቪጎች ቤት ሐይቅ ዳር ነው። በረንዳው ላይ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቷል፤ የፕለም ኬክና የተመታ ክሬም ቀርቧል፤ ተርቦቹም ቀርበዋል። ወይዘሮ ዳልቪግ ተርቦቹን በናፕኪን እያባረሩ፣ የሰሜን ጀርመን ሰዎች እንደሚናገሩት አፋቸውን ሳይከፍቱ ይናገራሉ።

"ወይዘሪት አይግነር፣ እጅዎ… ቀለም ነው?"

"የጌሾ ሙጫ ነው። ቶሎ አይለቅም።"

"እንዴት ደስ ይላል። የገጠር ሥራ ጤና ነው። ሄኒንግ፣ እጅ መታጠቢያውን አሳያት።"

"አሳይቻታለሁ፣ እማማ" አለ ሄኒንግ። "አይለቅም።"

ፕሮፌሰሩ ጥግ ላይ ወንበራቸውን ለፀሐዩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን ለዓመታት ስትወድላቸው እስካሁን "እርስዎ" ነው የሚሏት። እንዳይከፉባትም እንዳይቀርቧትም የሚጠነቀቁ ይመስላሉ።

ሮስቪታ ጠበቀች። የመጀመሪያው ኬክ አለቀ። ሄኒንግ ስለ ጀልባው ሸራ አወራ። ሁለተኛው ኬክ ተቆረሰ። ስለ ሐይቁ ውሃ ቅዝቃዜ አወራ። በጠረጴዛው ማዶ አየችው፤ እሱም አያትና ዓይኑን ወደ ክሬሙ መለሰ። ቆዪ፣ ይላል ዓይኑ፣ ቆዪ ትንሽ። እሷ መቆየት የሚባል ነገር ተፈጥሮዋ አይደለም፤ ያም ሆኖ ቆየች። ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሲጀምር ግን አላስቻላትም።

"ፕሮፌሰር፣ እንግዳው የመሣሪያ ጣጣ ባይሆንስ?"

ሄኒንግን ማንኪያው ከእጁ አመለጠው። ፕሮፌሰሩ ቀና አሉ። "ምን ይሆናል ታዲያ?"

"እኛው ነን። ምድር ናት። የፀሐይ ነፋስ የላይኛውን አየራችንን ሲመታው ያበራል፣ ልክ እንደ ጅራታሟ ኮከብ። ሳተላይቷ ሩቁን የምታየው በዚያ ብርሃን ውስጥ አልፋ ነው። ነፋሱ ሲበረታ እንግዳው ይመጣል፣ ሲደክም ይሄዳል። ይህ ብቻም አይደለም፤ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ስለዚህ በጸጥታውም ቀን ቢሆን ከብርሃኑ ጥቂቱ የኛው ነው ማለት ነው።"

"እና ከአረፋዬ ምን ያህሉን ይወስድብኛል?"

"አላውቅም። ከሲሶ በላይ ሊሆን ይችላል። ምንም ላይሆንም ይችላል።"

ፕሮፌሰሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ይህን ዝምታ ነው አንድ ተቋም ሙሉ ሲፈራው የኖረው። ከዚያ ሽማግሌው ሳቁ። የፌዝ ሳቅ አይደለም፤ ሆድን ይዞ የሚሳቅ፣ ዓይን የሚያረጥብ ሳቅ ነው።

"ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳ ነው ብዬ ሳባርረው፣ ለካ የቤቱ ሰው ነበር! ሰምተሻል?" አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው። "ይህቺ ልጅ ቤቴን ልትነቅል ነው የመጣችው!"

"ኬክ ይጨመርልዎ?" አሉ ወይዘሮ ዳልቪግ።

"ያሳዩኝ!" ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን ሳቡ። "ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ያሳዩኝ። ዛሬ፣ አሁን። ስሕተቴን ሳልሞት ባውቀው ምንኛ ደስ ባለኝ!"

"የለም፣ ፕሮፌሰር።"

"እንዴት የለም?"

"መረጃው ታጥቧል።"

"ማን አጠበው?"

ከዚህ የቀለለ ጥያቄ በዓለም ላይ የለም። አባትየው ገና ከሳቃቸው አልወጡም። ቡናው ትኩስ ነው። የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ተርቡ ብቻ ነው። ሮስቪታ ሄኒንግን አየችው። ሙሉ ፍቅሯን ዓይኗ ውስጥ አድርጋ፣ በል፣ በል የኔ ጌታ፣ እያለች አየችው። እሱም አያት። ለአፍታ ያህል ሊናገር ነው ብላ አመነች፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል።

"ፕሮግራሙ ነው" አለ ሄኒንግ።

"ፕሮግራም ሳያስነሡት አይነሣም፣ ልጄ።"

"አይ፣ ማለቴ… ተማሪዎች ሲያስኬዱት አንዳንዴ ሳያስተውሉ በጥሬው ፋይል ላይ ይጽፉበታል። የተለመደ ነገር ነው፣ አባባ። ማንም ላይ ይደርሳል።"

ተማሪዎች። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ተማሪ አንድ ናት።

ፕሮፌሰሩ ወደ ሮስቪታ ዞሩ። ደስታቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወርዶ በቦታው ርኅራኄ ተቀመጠ። "አይዞዎት" አሉ፣ እንደ አባት፣ እጇን ነካ አድርገው። "በወጣትነት ያጋጥማል። በሚቀጥለው ጥንቃቄ ነው።"

ቢቆጧት ትችለው ነበር። ይህን "አይዞዎት" ግን የት ታስቀምጠው?

ብድግ አለች። "ወይዘሮ ዳልቪግ፣ ኬኩ ግሩም ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልሂድ።"

*

መግቢያው ክፍል ድረስ ሮጦ ደረሰባት። ካፖርቷን ከማንጠልጠያው እየመነጨቀች ነበር።

"ሮሲ! ቆዪ! ቆዪ አንድ ጊዜ!"

"ከዓርብ ጀምሮ ስቆይ ነበር።"

"ድንገት ነው የጠየቀኝ! እንዲህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። አንቺ ራስሽ ነሽ ያነሣሽው፣ ተራዬ ሳይደርስ።"

"ተራህ ከውሻው በፊት ነበር ወይስ በኋላ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"አባትህ ሳቁ፣ ሄኒንግ። አየሃቸው? አረፋዬን ውሰጂው ብለው ተደስተው ሳቁ! እኔ ዓርብ ለሳቸው ብለህ ያደረግከው መስሎኝ ነበር። እሳቸው አንተ እንድትከላከልላቸው አልፈለጉም።"

ሄኒንግ ግድግዳውን ተደገፈ። "ለሱ ብዬ አይደለም።"

"ለማን ነው ታዲያ?"

"ላንቺ።" ድምፁ ተሰበረ። "ሐሳብሽን ስትነግሪኝ ዕብደት መሰለኝ። ምድር በራጅ ታበራለች! እዚያ ፊታቸው ቆመሽ ይህን ስትይ፣ አባቴ ሲስቅብሽ፣ ሁሉም ተከትለውት ሲስቁ ታየኝ። አልቻልኩም። እንግዳውን ካጠብኩት ሐሳቡም አብሮ ይጠፋል፣ ትረሺዋለሽ፣ በሰላም ትመረቂያለሽ አልኩ። ስለምወድሽ ነው፣ ሮሲ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ካፖርቷ አንድ እጅጌው ገብቶ ሌላው ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህን አላወቀችም ነበር። በልማድ የተደረገ ነው ብላ፣ ሲብስም ለአባቱ ነው ብላ ነበር የተናደደችው። እያወቀ ነው ያጠበው። ቁጭ ብሎ፣ ቅዳሜና እሁዱን ሠውቶ፣ እያንዳንዷን ከፍታ ባየ ቁጥር እሷን እያሰበ። እንዲህ አድርጎ የሚወድ ሰው ከየት ይመጣል? ማንስ ይችለዋል?

"ከስሕተት እኮ አይደለም ያዳንከኝ" አለች ቀስ ብላ። "ካገኘሁት ነገር ነው ያዳንከኝ።"

"አላወቅኩም ነበር!"

"አልጠየቅከኝም። እሺ፣ የአምናው ለኔ ይሁን። እቀበልሃለሁ። የዛሬውስ? አሁን እዚያ ጠረጴዛ ላይ 'ተማሪዎች' ስትል፣ እሱ ለማን ብለህ ነው?"

ሄኒንግ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ሮስቪታ ልቧ እንደገና ሲንሸራተትባት ተሰማትና በራሷ ተናደደች። ሦስት እርምጃ ተራምዳ አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።

"አሁን ግባ። በረንዳው ላይ ናቸው። ኬክ እየበሉ ነው፤ የትም አይሄዱም። 'አባባ፣ እኔ ነኝ' በል። እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ማለት እችላለሁ በለኝና ካፖርቴን አወልቃለሁ።"

ወደ በረንዳው አየ። በመስታወቱ ውስጥ የእናቱ ነጭ ናፕኪን ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል።

"ማታ፣ ብቻውን ሲሆን" አለ። "ወይም በደብዳቤ። በደብዳቤ የተሻለ አድርጌ እገልጸዋለሁ። እማማ ባለችበት አሁን…"

አገጩን ለቀቀችው። ሁለተኛውን እጅጌ አስገባች።

"ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጋ እገባለሁ። ማን አጠበው ሲሉኝ ስምህን እጠራለሁ። ቀድመኸኝ ብትገባ ደስ ይለኛል፤ ግን አልጠብቅህም። ጥቅምት ላይ ብቻህን ትሄዳለህ። እኔ ክረምቱን ምድር ቤት ቴፕ ሳነብ ነው የምከርመው።"

"ሮሲ፣ እወድሻለሁ።"

"አውቃለሁ። እኔም እወድሃለሁ። የሚያናድደኝ ይኸው ነው።"

እንባው መጣ። አልጠረገውም፤ ሳይደብቅ ሲያለቅስ ያ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ሮስቪታ በሩን ከፈተች። የሐይቁ ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘረጋ። እጁን ወደሷ ዘረጋ፤ ሊይዛት መሰላት፤ ቢይዛት ምን እንደምትሆን እሷም አታውቅም ነበር። እሱ ግን የዘረጋው ወደ በሩ ነው።

"ቀስ አድርገሽ ዝጊው" አለ በሹክሹክታ፣ "እንዳይሰሙ።"

አየችው። ለመጨረሻ ጊዜ፣ ከእግር እስከ ራሱ፣ ምንም ሳታስቀር አየችው። ከዚያ ወጣች፤ በሩንም በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጋ ዘጋችው።